ሸማኔውና ባሕር የማይገባው ወንዝ

አብዱልጀሊል ሙሀመድኑር በየማለዳው ሱብሒ ሰግዶ እንደተመለሰ የሸማ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጥ ነበር። እግሮቹን ወደ መርገጫዎቹ ከመስደዱ በፊት ቀኝ መዳፉን በተወጠረው ድር ላይ ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ያሳልፋል። ሌሊት የተበጠሰ፣ እርጥበት ያላላው ወይም አይጥ የነካካው ክር ካለ መዳፉ ይነግረዋል። ዓይኑን አያምነውም። ዓይን ብዙ ክር አንድ ላይ ሲያይ ሁሉንም ደህና ያደርገዋል፣ መዳፍ ግን አንዱን ከአንዱ ይለያል ይላል። የተበጠሰውን በምራቁ አርሶ ይቋጥርና ቢስሚላህ ብሎ መወርወሪያውን ያነሳል።

ከዚያ እስከ ዙሑር የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው። እግር ይረግጣል፣ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል፣ መምቻው ማጉን ገፍቶ ያጠብቃል፤ ደብ። እንደገና እግር፣ መወርወሪያ፣ ደብ። ቤቱ ከከሚሴ ገበያ ዳር፣ ወደ ደሴ ከሚያወጣው አውራ ጎዳና ሃምሳ እርምጃ ገባ ብሎ ስለነበር፣ የጭነት መኪና ሲያልፍ ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ይዋጣል፤ መኪናው ሲርቅ ካቆመበት ይሰማል። በዚህ ድምፅ ላይ አብዱልጀሊል መንዙማ ያንጎራጉር ነበር። አንዳንዱ ከእናቱ በኦሮምኛ የሰማው፣ አንዳንዱ በሐሙስ ወዳጃ፣ ሰፈሩ ለዱዓ በሚሰበሰብበት ጉባኤ፣ የለመደው፣ አንዳንዱ ደግሞ የራሱ ነበር። የራሱ መሆኑን የምታውቀው ሚስቱ ሰዓዲያ ብቻ ነበረች፤ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል ትሰማዋለች።

ሸማኔ ተቀምጦ ስለሚውል ሐሳብ ይበዛበታል ይሉታል። እውነትም ይበዛበት ነበር። ከከሚሴ ግርጌ የተንጣለለው የጨፋ ረግረግ ነጫጭ ወፎች አውራ ሳይኖራቸው እንዴት አንድ ላይ ይነሳሉ? ነጭ ክር ከሰማያዊ አጠገብ ሲሆን ለምን ይበልጥ ይነጣል? አንድ ክረምት ጎርፍ የወረደበትን ጨፋ ከጉብታ ላይ ቆሞ አየና፣ የሣሩን አረንጓዴ ከጎርፉ ቡናማ ጋር አጣምሮ ለአንድ ኩታ ጥለት አወጣ። በሕይወቱ እንደዚያ የተዋጣለት ሥራ አልነበረውም። የገዛው ሰው ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣና ሚስቱ ሦስት ጊዜ ብታጥበው ቡናማው ቆሻሻ አልለቅ እንዳላት ነገረው። አብዱልጀሊል ሌላ ኩታ ሰጠው። ያንን ሰዓዲያ ለብሳው ቀረች።

ከሐሳቡ ሁሉ የማይለቀው ግን በጨፋ የሚያልፈው የቦርከና ወንዝ ነገር ነበር። ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባል፣ እንደዚሁም ነፍስ ሁሉ ወደ ጌታዋ ትመለሳለች ሲባል ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቷል። በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. በበጋ፣ ሰንበቴ ገበያ ጋቢ ሊሸጥ ሄዶ ሳለ፣ ሙሳ የሚባል የአፋር ጨው ነጋዴ ይህን አፈረሰበት። ሙሳ እንደነገረው ቦርከና ቆላ ወርዶ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ የአፋርን አገር አቋርጦ ሄዶ ሄዶ ባሕሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መውጫ በሌለው ሐይቅ ውስጥ ይቀራል፤ ዙሪያው ጨውና አሸዋ ነው። ሙሳ ይህን ያለው ጨው እየመዘነ ነበር፣ እንደ ቁም ነገርም አልቆጠረውም። አብዱልጀሊል ግን የያዘውን ጋቢ እንዳንጠለጠለ ቆሞ ቀረ።

የቆመው በአባቱ ምክንያት ነበር። ሙሀመድኑር ጣሊያን ከመግባቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ አብዱልጀሊል ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላው፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሐጅ ብሎ በእግሩ ወጣ። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሐጂ ተብሎ ተመለሰ። ሌላው እንደታመመ ከመንገድ ዞረ። ሙሀመድኑር ግን ባሕሩ ሊደርስ የጥቂት ቀን መንገድ ሲቀረው በአፋር በረሃ ወድቆ እዚያው ተቀበረ። የከሚሴ ሰው ክፉ አይደለም፤ ቀልድ ግን ይወዳል። ሟቹን «ሐጂ መንገድ» አሉት። ስሙ ከሠላሳ ዓመት በኋላም አልጠፋም ነበር። ሰው የጀመረውን ሳይጨርስ ሲቀር «እንደ ሐጂ መንገድ» ይባላል፤ የሚለው ሰው ስሙ የማን እንደሆነ እንኳ ሳያስብ፣ አንዳንዴም አብዱልጀሊል አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ።

ስለዚህ ወንዙም አልደረሰም ማለት ነው። ጨፋን ያህል አገር አጠጥቶ፣ ማሽላውንና ከብቱን አጥግቦ፣ ባሕሩ ጋ ሳይደርስ ቀረ። ቦርከናን ግን መንገድ ቀሪ ያለው የለም። ይህ ሐሳብ በጉድጓዱ ውስጥ ሦስት ወር ፈጀ፤ መወርወሪያው ሲመላለስ፣ ቃል ሲወድቅና ቃል ሲተካ ቆይቶ ሁለት ስንኝ ሆነ፦

ቦርከና ባሕር ሳይገባ፣ ጨፋን አጥግቦ ይቀራል፤
መዲና ያልደረሰም ሰው፣ እንዳለበት ይቆጠራል።

ሰዓዲያ ስትሰማው እንዝርቷን አቆመች። ለአባትህ ነው ብላ አልጠየቀችም። በመውሊዱ አውጣው አለችው።

መንዙማ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አውጪው ያወጣል፣ ጉባኤው ይቀበላል፤ ጉባኤው ካልተቀበለው ስንኙ እዚያው ይሞታል፣ ከተቀበለው ደግሞ የሁሉም ይሆናል። አብዱልጀሊል ይህን ያውቅ ነበር። የፈለገውም ይህንኑ ነበር። ሁለት መቶ ሰው አንድ ላይ «መዲና ያልደረሰም ሰው እንዳለበት ይቆጠራል» ሲል ቢሰማ፣ አባቱም መዲና እንደገባ ተቆጥሮለት፣ ሐጂ መንገድ የሚለው ስም ከዚያ ቀን በኋላ አፍ ላይ እንደሚከብድ አስቦ ነበር።

የዚያ ዓመት መውሊድ በሐምሌ መጨረሻ ዋለ። ቦርከና ሞልቶ ነበር፤ ከማዶ የሚመጡት ሰዎች ሽርጣቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ተሻገሩ። ጉባኤውን የሚመሩት ሼህ ሙሐመድዘይን አርባ ዓመት መንዙማ ያወጡ ሽማግሌ ነበሩ። ከቀትር በኋላ፣ የድቤው ከበሮ ሞቅ ባለ ጊዜ፣ ሸማኔው የራሱ ስንኝ እንዳለው ሰዎች ነገሯቸውና በእጃቸው ጠሩት።

አብዱልጀሊል ተነሳ። ድምፁ መጀመሪያ ላይ አልከዳውም። «ቦርከና ባሕር» አለና ቆመ። ለምን እንደቆመ ያን ጊዜ አላወቀም። ጉባኤው ግን ያውቃል፤ አውጪ ሲቆም ተቀባይ ይገባል። ሁለት መቶ ሰው በጭብጨባ «ሰሉ አለነቢ»፣ በነቢዩ ላይ ሰላዋት አውርዱ፣ ብሎ ገባበት። «ሳይገባ» የሚለው ቃል ከጭብጨባው ሥር ተቀበረ። እንደገና ከላይ ጀመረ፤ እዚያው ቦታ ቆመ፤ እንደገና ገቡበት። በሦስተኛው እስከ መጨረሻው ቢገፋም ከጭብጨባው በላይ «ጨፋን አጥግቦ» እና «መዲና» የሚሉት ብቻ ተሰሙ፤ ድቤ መቺው ሳቀ፣ ከኋላ የተቀመጡት እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ሼሁ ደግ ሰው ነበሩ። ሸማኔው በሰው ፊት ሲዋረድ ማየት አልፈለጉም። የሰሙትን ቃል ከአፉ ተቀብለው፣ ያልሰሙትን ከራሳቸው ሞልተው፣ በድቤው ልክ አወጡት፦

ቦርከና ባሕር ይገባል፣ ጨፋን አጥግቦ ይፈሳል፤
መዲና ብሎ የወጣ፣ ዋለ አደረ ይደርሳል።

ጉባኤው በአንድ አፍ ተቀበለው። ዐሥራ አምስት ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ መለሱት። አንዳንዱ አለቀሰ። አብዱልጀሊል መሐላቸው ቆሞ አባቱ በልጁ ስንኝ ለሁለተኛ ጊዜ መንገድ ላይ ሲቀር ሰማ።

በማግስቱ ጎረቤቱ ጀይላን፣ በሲንጀር መኪና የሚሠራው ልብስ ሰፊ፣ ከሱቁ ደጃፍ ላይ ሆኖ እንዴት አደርክ ሲል በኦሮምኛ ጠራው።

«አካም ቡልቴ፣ አብዱልጀሊል።»

«ነጋ» አለ፣ ሰላም ነው ለማለት።

«እኛ ስንት ዘመን ቀድደን ስንሰፋ አንድ ወንዝ አልተሻገርንም፤ አንተ ቁጢት በጣሹ ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠህ ባሕር አስገባኸን።»

«እኔ አላስገባሁም» አለ አብዱልጀሊል።

«ታዲያ ማን አስገባው?»

ለማስረዳት ሞከረ። ጀይላን መኪናውን እየረገጠ ሰማውና፣ ያም ሆነ ይህ ዜማው ጥሩ ነው አለው። በዚያ ሳምንት ያገኘው ሰው ሁሉ የነገረው ይህንኑ ነበር። ወንዙ ባሕር አይገባም ሲላቸው እንደ ትሕትና ቆጠሩለት።

የቆመበትን ምክንያት የነገረችው ሰዓዲያ ነበረች። ከሳምንት በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ስንኙን ሲያንጎራጉር ትሰማው ነበር።

«ያው፣ ቆምህ» አለችው።

«አልቆምኩም።»

«ባሕር ብለህ ቆመሃል። መምቻውን ትጠብቃለህ።»

መምቻውን ያዘና ደገመው። እውነቷን ነበር። «ቦርከና ባሕር»፣ ደብ፣ «ሳይገባ»፣ ደብ። ስንኙን ሦስት ወር ሙሉ የሠራው በሸማው ምት ላይ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ መምቻው የሚመታበት ያ ክፍተት ለጆሮው ሙሉ ነበር፤ ጉባኤው መሐል ግን መምቻ የለምና ባዶ ሆነ። ባዶውን ደግሞ ተቀባዮቹ ሞሉት። ገበሬ ቢሆን፣ ነጋዴ ቢሆን ይህ ስሕተት አይደርስበትም ነበር። ይህን ባወቀ ጊዜ ማንንም መቆጣት ስላልቻለ ይበልጥ ተናደደ።

ክፍተቱን ለመድፈን ሁለት ወር ሠራ። ሰዓዲያ ጥጧን አስቀምጣ ታጨበጭብለታለች፤ እሱ እየሸመነ ሳያቆም ለማዜም ይሞክራል። አፉ ሲታዘዝ እጁ እምቢ ይላል። ድምፁ ሳይቆም ካለፈ መምቻው ዘግይቶ ወይም ላልቶ ይመታል። በዚያ ጊዜ የተሸመነው ጋቢ ላይ፣ ስንኙን በተለማመደበት ቦታ ሁሉ፣ የጣት ስፋት ያህል የሳሳ መስመር ነበረ። ሰዓዲያ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ እየዳሰሰች፣ «እዚህ አዚመሃል፣ እዚህ ዝም ብለሃል፣ እዚህም አዚመሃል» ትለው ነበር። እሷ ስትስቅ እሱ አይስቅም። ጋቢውን በርካሽ ሸጠው።

በመጨረሻ ሸማውን ትቶ፣ ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ በጭብጨባ ብቻ ለመደው። በጥቅምት መጨረሻ በአንድ ሐሙስ ወደ ወዳጃው ሄደ። ቀትር ላይ ነበር፤ ጫቱ ተዘርግቶ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ሼሁ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አብዱልጀሊል ፈቃድ ጠየቀና አወጣ። «ቦርከና ባሕር ሳይገባ» አለ፣ ሳይቆም፣ ከጭብጨባው አንዲት ሳያፈነግጥ። ከዚህ በፊት እንደዚያ ጥርት አድርጎ አዚሞት አያውቅም።

ሰዎቹ ስንኙን ገና ከመጀመሪያው ቃል አውቀውት ነበር። እስኪጨርስ አልጠበቁም። ደስ ብሏቸው፣ የእሱን ስንኝ በራሱ ድምፅ ላይ አንሥተው፣ «ቦርከና ባሕር ይገባል» እያሉ ሸፈኑት። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እነሱም አብረው ከፍ አደረጉ፤ የዜማው ሙቀት መስሏቸው ነበር።

ሰው ሲበተን ሼሁ ዘንድ ቀረ። ከወንዙ ጀምሮ ሁሉን ነገራቸው፤ የአባቱንም ስም ጠራ። ሼህ ሙሐመድዘይን ጺማቸውን ይዘው ሰሙት።

«ወንዝ ባሕር ካልገባ የት ይገባል?» አሉት።

«አሸዋ ውስጥ ይቀራል፣ ሼሁ።»

«አንተ አይተሃል?»

«አላየሁም። ያየ ሰው ነግሮኛል።»

«ልጄ፣ ሰው ወዳጃ የሚመጣው ከቤቱ ሲቸግረው ነው። የታመመበት አለ፣ በሬው የሞተበት አለ። ይደርሳል ስለው ቀና ይላል። ይቀራል ብዬ ምን ላድርገው?»

«ይደርሳል ሲባል አባቴም ይሰማል ብዬ ነው» አለ አብዱልጀሊል።

ሼሁ ከግድግዳው ቀና ብለው ተቀመጡ። ሐጂ መንገድ የሚለውን ስም እሳቸውም በወጣትነታቸው ሳይሉት አልቀሩም። ከዚያ፣ ያየውን ሰው አግኝተህ በትክክል ጠይቅና ንገረኝ፣ እውነት ከሆነ በመውሊዱ እኔ ራሴ ባንተ ቃል አወጣዋለሁ አሉት። ይህን ሲሰማ ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ላላ።

በእሑዱ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ሰንበቴ ሄደ። ሙሳን ከግመሎቹ አጠገብ፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ሙሳ ገና ከሩቅ ሲያየው እጁን አነሳና እየሳቀ አንጎራጎረ፤ ቃሉ በአፋር አንደበት ቢሰባበርም ዜማው ልክ ነበር። ቦርከና ባሕር ይገባል።

«ይህን ማን አስተማረህ?» አለው አብዱልጀሊል።

«ገበያው ሁሉ ይለዋል። ያንተ ነው አሉኝ።»

«አንተ አይደለህም እንዴ ባሕር አይገባም ያልከኝ?»

«አይገባማ። እኛ ዘንድ ነው የሚያልቀው። ግመሎቼን አጠጥቼበታለሁ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ።» ሙሳ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሰዎችህ ይገባል ካሉ ግን ይግባላቸው፤ እኛን አይጎዳንም።»

አብዱልጀሊል ከጆንያው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቆይቶ፣ በዚያ መንገድ ሐጅ ሊሄዱ ወጥተው የቀሩ ሰዎችን ቀብር አይቶ እንደሆነ ጠየቀው። ሙሳ አይቷል። ከውሃው ወዲህ፣ ከግመሉ መንገድ ግራ፣ ድንጋይ የተከመረባቸው መቃብሮች አሉ አለው፤ ስማቸውን የሚያውቅ የለም። እኛ ስናልፍ ቆመን አሰላሙ አለይኩም እንላቸዋለን፣ አባቶቻችንም ይሉ ነበር፤ ሐጂዎቹ ነው የምንላቸው አለው።

«ሐጂዎቹ?»

«ታዲያ ምን እንበላቸው?» አለ ሙሳ።

ይህን ለሼሁ ሲነግራቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቃላቸውን ደገሙለት። ስንኙን ሁለት ጊዜ አስወጥተውት በልባቸው ያዙት። ክረምቱ እስኪደርስ ድረስ አብዱልጀሊል ቀን ቆጠረ። ጀይላን ባሕሩ እንዴት አደረ እያለ በየጠዋቱ ሲቀልድበት እንኳ መወርወሪያውን አንሥቶ ሥራውን ይቀጥል ነበር።

የ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. መውሊድ በሐምሌ አጋማሽ ዋለ። ካለፈው ዓመት የበለጠ ሰው መጣ፤ ከሰንበቴም፣ ከባቲም የመጡ ነበሩ። ሼህ ሙሐመድዘይን ድቤውን በእጃቸው ዝም አሰኙ። ይህ ስንኝ የአብዱልጀሊል ሙሀመድኑር ነው፣ አምና እኔ አበላሽቼዋለሁ፣ ዘንድሮ እንዳለ ስሙት አሉ። ከዚያ በቀጭኑ፣ በሚንቀጠቀጠው ድምፃቸው አወጡት፤ ሳይገባ፣ ይቀራል፣ ያልደረሰም ሰው፣ ይቆጠራል። ሁሉንም ቃል በየቦታው አስቀመጡት።

ድቤው ጀመረ። ጉባኤው አፉን ከፈተና የሚያውቀውን መለሰ፦ ቦርከና ባሕር ይገባል። ሼሁ እጃቸውን አንሥተው ደግመው አወጡ። ጉባኤው ደግሞ የራሱን መለሰ፤ ያሁኑ ከፊተኛው ይበልጥ ሞቀ። አብዱልጀሊል አጠገብ የተቀመጠ ከማዶ የመጣ ሰው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ «ሼሁ አረጁ መሰለኝ፣ ቃሉ ጠፋባቸው» አለው።

በሦስተኛው ሼህ ሙሐመድዘይን ወደ አብዱልጀሊል አዩ። መዳፋቸውን ወደ ላይ ገለበጡለት፣ ምን ላድርግ እንደ ማለት። ከዚያ ከጉባኤው ጋር ይገባል አሉ።

አብዱልጀሊል ተቀባዮቹ መሐል ተቀምጦ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ አሳለፈ። ከጎኑ ያለው ሰው ዞር ብሎ ሲያየው ማጨብጨብ ጀመረ። አፉን አልከፈተም።

በሚቀጥለው እሑድ ሦስት ጋቢ ይዞ ሰንበቴ ሄደ፤ አባቱን ሐጂ ብሎ ወደሚጠራው ወደ ሙሳ።